እኔስ ምን ልያዝ?

ቅዳሜ ጠዋት ከአያት ወደ መገናኛ የሚመጣው ባቡር እንደ ሥራ ቀን አይጨናነቅም። ሦስት ዓመት የሆነው ትንሹ ልጄ ግንባሩን መስኮቱ ላይ ለጥፎ የሚያልፈውን ሁሉ በስሙ ይጠራል፤ መኪና፣ በግ፣ ሌላ መኪና፣ ክሬን። ለእሱ የዛሬው ሽርሽር ባቡሩ ራሱ ነው። መገናኛ ደርሰን ወደ ቤት ብንመለስ ቅር አይለውም። ስድስት ዓመት የሞላት እህቱ ግን የምንሄድበትን ማወቅ ብቻ አይበቃትም፤ ሥራ ትፈልጋለች። ገና ቤት ጫማችንን ስናጠልቅ «እኔስ ምን ልያዝ?» ትላለች። የውሃውን ኮዳ ከሰጠኋት ማንም ሳይነግራት ቀኑን ሙሉ የወንድሟን ጥም የምትከታተለው እሷ ናት። ባዶ እጇን ከወጣች መንገዱ ይረዝምባታል፤ «መቼ ነው የምንደርሰው?» ይበዛል።

አዲስ አበባ ውስጥ ትናንሽ ልጆች ይዞ መውጣት መግባት፣ በዓል ማክበር፣ ልደት መደገስ ምን እንደሚመስል ለመጻፍ ስነሣ ደጋግሞ የመጣብኝ ይኸው የልጄ ጥያቄ ነው። በዓሎቻችን ለልጅ ሥራ የሚሰጡ ናቸው። ችቦ የሚይዝ፣ አበባ የሚሰጥ፣ ቄጤማ የሚጎዘጉዝ፣ ከቤት ወደ ቤት ሳህን የሚያደርስ ልጅ ከሌለ ይጎድላሉ። ሰፈሩ ፈርሶ ነዋሪው ኮንዶሚኒየም ሲገባ ግን ይህ ሥራ ከልጆቹ እጅ ሊወድቅ ይችላል። እንዳይወድቅ መያዝ የወላጅ ድርሻ ሆኗል ብዬ አምናለሁ።

መገናኛ ወርደን የአራት ኪሎ ታክሲ ያዝን። ሚኒባስ ውስጥ ትንሽ ልጅ ይታቀፋል፤ መቀመጫ ከያዘ ይከፈልለታል። ረዳቱ በሩን ሳይዘጋ «እናት፣ ልጁን ታቀፊውና ትልቋን ጠጋ አድርጊልኝ» አለኝ። አጠገቤ የነበሩ ነጠላ የለበሱ እናት ሳይጠየቁ ትልቋን ሳብ አድርገው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት፤ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ትምህርት ቤቷን ጠየቋት፤ ሲወርዱም ጉንጯን ስመው «እደጊ» አሏት። በዚህ ከተማ ልጅ ይዞ መንገድ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ያልጠራው ረዳት ያገኛል። መንገዱ አስቸጋሪ ነው፤ ሰው ግን ለልጅ ይራራል።

የምንሄደው አምስት ኪሎ ወዳለው ብሔራዊ ሙዚየም ነበር፤ ሙዚየም ለትንሽ ልጅ አይሆንም የሚሉ ወላጆች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ድንቅነሽ ፊት የቆመ የስድስት ዓመት ልጅ የሚያየው እኛ የማናየውን ነው። ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ ከአጽሟም 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። እነዚህ ቁጥሮች ለልጄ ምንም አይደሉም። እሷን የገረማት ቁመቷ ነው። ድንቅነሽ ቆማ ስትሄድ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበረች፤ ልጄም ከዚያ ብዙ አትርቅም። ጀርባዋን አቅንታ ተረከዟን ገጥማ ቆመችና «ትልቅ ሰው ናት ግን እኔን ታክላለች?» አለችኝ። አዎ፣ ትልቅ ሰው ናት፤ አንቺን ታክላለች።

ከዚያ ስለ ሰላም ነገርኳቸው። ሰላም በ1993 ዓ.ም. ከሐዳር ብዙም በማይርቀው ዲኪካ በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን የተገኘች ሕፃን ናት፤ ስትሞት ዕድሜዋ ቢበዛ ሦስት ዓመት ነበር። አጥንቶቿ ድንጋይ በሆነ አሸዋ ውስጥ ተጣብቀው ስለነበር ዘረሰናይ የጥርስ ሐኪም በሚጠቀምበት መቦርቦሪያ አሸዋውን ፍሬ በፍሬ እያነሣ ለማውጣት ዓመታት ፈጅቶበታል። ልጄ ወዲያው «የድንቅነሽ ልጅ ናት?» አለች። አይደለችም፤ ሰላም የኖረችው ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ስለሆነ ከድንቅነሽ በብዙ ሺህ ዓመታት ትቀድማለች። ሕፃኗ ከትልቋ ሴት ቀድማ መኖሯ ለልጄ ሊዋጥላት አልቻለም። ትንሹን ወንድሟን በእጁ ይዛ ከመስታወቱ ፊት አቆመችውና «ሰላም እሱን ነበር የምታክለው?» አለችኝ። እሱ አብሮት የመጣውን ብስኩት እየበላ ነበር።

ከአንድ ሰዓት በላይ አልቆየንም። ከዚህ ዕድሜ ልጅ ጋር ሙዚየም አንድ ነገር በደንብ ዐይቶ መውጣት ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ትልቅ ዙፋን በሩቁ ዐይተን ወጣንና ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ከቤት የያዝነውን ዳቦ በላን። ኮዳው በልጄ እጅ ነበር።

አሁን በከተማው ልጅ የሚወሰድባቸው ቦታዎች በዝተዋል። አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ እንጦጦ ፓርክ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ተከፍተዋል፤ ሁለቱንም ልጆቼ ወደዋቸዋል። ነገር ግን የመግቢያውን፣ የትራንስፖርቱንና የምሳውን ወጪ ስንደምረው እንዲህ ያለው መውጫ በዓመት ውስጥ ተጠብቆ የሚመጣ ነው እንጂ የሳምንት ልማድ አይሆንም። ለትንሽ ልጅ የሚበጀው ደግሞ የሳምንቱ ነው። ዳቦ ቤት ድረስ በእግር መሄድ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ሽንኩርት መምረጥ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከደጁ ቆሎ መግዛት። የእነዚህ ሁሉ መንገድ በእግር ነው፤ የእግረኛው መንገድ ሳይበላሽ እስከ መጨረሻው የሚዘልቅ ከሆነ ልጅ ይለመልማል። መኪና የቆመበት፣ ክዳን የሌለው ቱቦ ያለበት ሲሆን የልጁን እጅ አጥብቀን ይዘን «ና፣ ቶሎ በል» እያልን እንጎትተዋለን።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ ዋና ዋና መንገዶች እሑድ ለመኪና ሲዘጉ ያየሁትን አልረሳም። አስፋልት ላይ ልጆች በጠመኔ ቤት ይሥላሉ፤ አባቶች ብስክሌት ከኋላ ይዘው ይሮጣሉ፤ አረጋውያን በከዘራ መሐል መንገዱን ይዘው ይሄዳሉ። ትኬት የለም፣ መግቢያ የለም፣ የሚገዛ መጫወቻ የለም። ይህ በየወሩ በየሰፈሩ ቢሆን ከብዙ ፓርክ ይልቅ ለትናንሽ ልጆች ይጠቅማል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን እ.ኤ.አ. በ1989 ሲጸድቅ በ31ኛው አንቀጹ ልጅ የማረፍና የመጫወት፣ በባህላዊ ሕይወትም በነፃነት የመሳተፍ መብት እንዳለው ደንግጓል፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላለች። «የመሳተፍ» የሚለው እኔን ይይዘኛል። ልጅ ቆሞ እንዲያይ ሳይሆን ገብቶ እንዲሠራ ነው መብቱ።

የልጅ ልደት ላይ ሐሳቤ ከብዙ ጓደኞቼ ይለያል። የአንድ ዓመት ልደት በከተማችን ከሠርግ የማይተናነስ ድግስ እየሆነ ነው። አዳራሽ፣ ዲኮር፣ ከልጁ ቁመት የሚበልጥ ኬክ፣ ፎቶ አንሺ፣ ዲጄ። ለሚችል ሰው ደስታው ነው፤ የሰውን ደስታ አልነቅፍም። ችግሩ ልጁ ላይ ነው። ድምፁ ያስደነግጠዋል፣ አዲሱ ልብስ ይቆረቁረዋል፣ ኬኩ ሳይቆረስ እንቅልፍ ይወስደዋል። ወላጆቹ ደግሞ እንግዳ ሲያስተናግዱ ልጁ ከአንዱ ዘመድ ወደ ሌላው ዘመድ ሲተላለፍ ይመሻል።

ድሮ የልጅ መምጣት የሚከበረው በክርስትናው ነበር፤ አሁንም በብዙ ቤት እንደዚያው ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። ቁጥሩ ከኦሪት ዘሌዋውያን ይመጣል፤ መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ወደ ገነት እንደገቡ ይናገራል። ሕፃኑ በዚያ ቀን ስም ያገኛል፣ የክርስትና አባት ወይም እናት ያገኛል፤ የሚያገኘው ሰው ነው፣ የዕድሜ ልክ ዘመድ ነው። እኔ በልደት ላይ የምፈልገው ይህን መንፈስ ነው። ቤታችን ውስጥ የልደቱ ባለቤት ሥራ አለው፤ ፈንድሻውን በሰፌድ ይዞ ለመጣው ሁሉ የሚያዞረው እሱ ነው። ሦስት ዓመት ሲሞላው ትንሹ ልጄ ሰፌዱን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ግማሹን ምንጣፍ ላይ እያፈሰሰ፣ ከአያቱ ጀመረ። አያቱ እፍኝ ሙሉ ዘግነው «እጅህ ይባረክ» ሲሉት ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ወደሚቀጥለው ሰው ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ለረጅም ጊዜ ስለ ኬኩ አላነሣም፤ የሚያነሣው «እኔ ፈንድሻ ሰጠሁ» የሚለውን ነው።

በነገራችን ላይ ጳጉሜ 6 የተወለደ ልጅ ያላቸው ወላጆች ልደቱን የሚጠብቁት በየአራት ዓመቱ ነው። ጳጉሜ 6 የምትውለው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ብቻ ስለሆነ በ2015 ዓ.ም. በዚያች ቀን የተወለደ ሕፃን የልደቱን ቀን መልሶ የሚያገኘው በ2019 ነው። እስከዚያው ጳጉሜ 5 ወይም መስከረም 1 ይከበርለታል። መስከረም 1 ቢከበርለት አበባ ይዞ የሚመጣው ልጅ ሁሉ የእሱ እንግዳ ነው፤ ይህም ክፉ አይደለም።

የዓመቱ ትልቁ የልጆች ወቅት ግን ከነሐሴ እስከ መስከረም ያለው ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ዝናቡ ቤት ውስጥ አቆይቷቸዋል። ከዚያ ቡሄ ይመጣል።

ነሐሴ 13 የሚከበረው ደብረ ታቦር ከጌታ ዘጠኙ ዐበይት በዓላት አንዱ ነው። ጌታ በታቦር ተራራ ላይ ክብሩን ሲገልጥ ብርሃኑ ሌሊቱን ቀን ስላስመሰለው እረኞች ሳይመለሱ እንደቀሩ፣ ቤተሰቦቻቸውም ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው እንደሄዱላቸው ይተረካል። ለዚህ ነው በዋዜማው ችቦ የሚበራው፣ ለልጆች ሙልሙል የሚሰጠው፣ ጅራፍ የሚጮኸው። ከበዓሎቻችን ሁሉ ልጅን በመሐል ያቆመ በዓል ቡሄ ነው። ትልቅ ሰው የሚሠራው ዳቦ መጋገርና በር መክፈት ነው፤ የቀረው የልጆች ነው።

እኛ የምንኖርበት ሕንጻ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ነው። ሰዎቹ ከተለያየ ሰፈር የመጡ ናቸው፤ ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ ጀርባ፣ ከካሳንቺስ። መጀመሪያ በገባን ዓመት በቡሄ ዋዜማ አንድም ልጅ ደረጃውን አልወጣም። ብረት በሩ ዝግ ነበር። የጋራ በር የነበራቸው ሰዎች እዚህ እያንዳንዳቸው ቁልፍ አላቸው። በሚቀጥለው ዓመት እናቶች ተነጋገርንና ልጆቹን ራሳችን አደራጀን።

ዝግጅቱ ሳምንት ይፈጃል። መጀመሪያ አውጪ ይመረጣል። አውጪ ግጥሙን የሚያወጣው ነው፤ ድምፁ ጎላ ያለ፣ የማያፍር፣ የቤቱን ባለቤት ስም በግጥሙ ውስጥ መሰካት የሚችል መሆን አለበት። የእኛ ሕንጻ አውጪ አሥር ዓመቱ ነው፤ ካሳንቺስ ያደጉት አያቱ ናቸው ያስተማሩት። ሌሎቹ ይቀበላሉ። ትንሹ ልጄ ከግጥሙ የሚያውቀው የመጨረሻውን ቃል ብቻ ነው፤ እሱን ግን በትክክለኛው ሰዓት፣ ከሁሉ ጮክ ብሎ ይላል። ዱላው ሌላ ጉዳይ ነው። በአፈር ሜዳ ላይ የሚመታው ዱላ በሲሚንቶ ደረጃ ላይ ሲመታ ሕንጻው በሙሉ ያስተጋባል፤ ከመሬት ወለል ሲጀምሩ አራተኛ ፎቅ ያለው ሰው ሙልሙሉን ማዘጋጀት ይጀምራል።

ሙልሙሉ የጾም ዳቦ ነው፤ ጾመ ፍልሰታ ገና ስላልተፈታ ቅቤና ወተት አይገባበትም። ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨው፣ ውሃ፤ የሚወድ ጥቁር አዝሙድ ይጨምርበታል። ከትልቁ ድፎ የሚለየው በልክ ነው፤ ለአንድ ልጅ እጅ የሚበቃ ነው። ልጄ ሊጡን እንድታድበለብል ፈቀድኩላት። የእሷዎቹ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም፤ አንዳንዱ እንደ እንቁላል፣ አንዳንዱ እንደ ጫማ ነው። ምጣዱ ላይ ሲነፋ ማን እንዳድበለበለው በግልጽ ይታወቃል። የራሷን ለይታ ለሁለተኛ ፎቅ እማማ አስቀመጠችላቸው፤ እማማ ጥርሳቸው ስለማይችል ለስላሳውን ነው የመረጠችላቸው።

በዚያ ምሽት ልጆቹ ደረጃውን ሲወጡ ሁለት እናቶችና አንድ አባት ከኋላ ተከተልን፤ አንዷ የስልክ መብራት ይዛለች። ከሁሉ በፊት የምንጠነቀቀው ለእሳት ነው። ችቦ የሚይዙት ትልልቆቹ ናቸው፤ የሚለኮሰውም ደረጃ ላይ ሳይሆን ግቢ ነው፤ ናይለን ጃኬት ይወልቃል፣ ሻሽ ይታሰራል፣ ባልዲ ውሃ አጠገብ ይቀመጣል። ትናንሾቹ ያልበራ ችቦ ይይዛሉ። ትንሹ ልጄ ያልበራውን እንደ በራ ቆጥሮ ከፍ አድርጎ ይዞት ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ወጣት በሩን ከፈተና ኪሱን ዳበሰ፤ «ልጆች፣ ጥሬ ብር አልያዝኩም» አለ። አውጪው ግጥሙን ሳያቋርጥ ወደ እኛ ተመለከተ። ወጣቱ ለአንዷ እናት በቴሌብር ላከ። ልጆቹ ግን አልረኩም፤ በስልክ የገባ ብር አይታይም፣ አይቆጠርም። ከዚያም ወጣቱ ገብቶ ከነበረው ዳቦ ቆርሶ ለእያንዳንዳቸው ሰጠ፤ ያኔ መረቁት፤ «ከዓመት ዓመት ያድርስህ» ብለውት ወደ አራተኛ ፎቅ ወጡ።

ሲጨርሱ ብሩን ግቢ ውስጥ በብርሃን ሥር ቁጭ ብለው ቆጠሩ። አውጪው ትልቁን ድርሻ ይወስዳል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልወሰደም። ትንሹ ልጄም፣ ከግጥሙ አንድ ቃል ብቻ የሚያውቀው፣ እኩል ደረሰው። ይህን ሕግ የነገራቸው ትልቅ ሰው አልነበረም።

በቡሄ ሆያ ሆዬ እያሉ በየቤቱ መዞር ልመና ነው የሚሉ ወላጆች በሕንጻችንም አሉ። «ልጄ በር እያንኳኳ ብር አይጠይቅም» ይላሉ። ስሜታቸው ይገባኛል፤ ከተማው ውስጥ እውነተኛ ልመና በየመንገዱ አለና። ነገር ግን የሚጨፍር ልጅ የሚለምን ልጅ አይደለም። የቤቱን ባለቤት ያወድሳል፣ ቤቱን ይመርቃል፣ በምላሹ ዳቦ ይቀበላል። ልውውጥ ነው። አንድ ልጅ በሰው ደጅ ቆሞ ድምፁን አሰምቶ፣ ዐይን ዐይን እያየ መርቆ መሄድ ሲችል ትልቅ ነገር ተምሯል። ይህን ትምህርት ቤት አያስተምረውም፤ ቴሌቪዥንም አያስተምረውም። የእኔ ትውልድ አባባ ተስፋዬን ይዞ ነው ያደገው፤ ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርት ዓመታት ለልጆች ተረት ነግረዋል። እሳቸው እንኳ ስቱዲዮ የገቡትን ልጆች ዝም ብለው አዳምጡ አይሉም ነበር፤ እስቲ አንተ፣ እስቲ አንቺ እያሉ ያናግሯቸው ነበር።

ከቡሄ በኋላ ጳጉሜ 3 አለ። በቅዱስ ሩፋኤል ቀን የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ነው ስለሚባል ልጆች ግቢ ወጥተው ይታጠቡበታል። ሲጥል የሕንጻው ልጆች በሙሉ በቁምጣ ይወጣሉ፤ እናቶች ፎጣ ይዘን ደረጃው ሥር እንቆማለን። ጉንፋን ይይዛቸዋል የሚል ስጋት በየዓመቱ ይነሣል፤ በየዓመቱም ይወጣሉ። ቶሎ ማድረቅና ትኩስ አጃ ማጠጣት ነው።

እንቁጣጣሽ በባህሪው ጸጥ ያለ ነው። ካርቶን ይቆረጣል፣ ቀለም ይበጠበጣል፣ የወንዶቹ ሥዕል ይደርቃል። ሴቶቹ አበባየሆሽ ለማለት ነጭ ቀሚስ ይለብሳሉ፣ ቄጤማና አደይ አበባ ይይዛሉ። አደይ ለጥቂት ሳምንት ብቻ የሚያብብ ስለሆነ ለልጅ ጊዜን የሚያስቆጥር እሱ ነው። «ከሦስት ወር በኋላ» ለሦስት ዓመት ልጅ ምንም ትርጉም የለውም፤ «አደይ ሲወጣ» ግን በዐይኑ የሚያየው ነው። ከሕንጻችን ጀርባ ገና ያልተሠራበት ሜዳ ስላለ በዋዜማው ልጆቹን ይዘን እንለቅማለን። የዛሬ ዓመት ሜዳው ይኖር እንደሆነ እንጃ፤ አጥሩ ቀርቦ መጥቷል።

ትንሹ ልጄ አበባውን ይሰጣል እንጂ አይሸጥም። ትልልቆቹ ልጆች ሥዕላቸውን ሰጥተው ቆመው ሲጠብቁ እሱ እቅፉን ጎረቤቱ እጅ ላይ አድርጎ ወዲያው ይሮጣል። «ና፣ ብርህን ውሰድ» ብለው ከኋላው ይጠሩታል።

መሬት ወለል ላይ የሚኖሩት ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው። በረመዳን በአፍጥር ሰዓት የእነሱ ልጅ ሳህን ይዛ ትመጣለች፤ ሳህኑ ላይ ሳምቡሳና ቴምር አለ። ሳምቡሳው ሁልጊዜ በምስር ነው። ሁለቱ ቤቶች የሚበሉት ሥጋ ስለሚለያይ እናቶቹ ለሁለቱም የሚሆነውን ያውቃሉ። ረመዳን ከሁዳዴ ጋር ሲገጥም ምስሩ ለእኛም ጾም ነው፤ ደግ ሰው የሠራው የሚመስል አጋጣሚ ነው። ሳህኑ ባዶውን አይመለስም። ልጄ ምን እንደምትመልስበት ቀኑን ሙሉ ታስባለች፤ አንድ ቀን ዳቦ፣ አንድ ቀን ብርቱካን፣ አንድ ቀን ሌላ ስላልነበረ ቆሎ መለሰችበት። ሁለቱ ልጆች ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሳህኑን በሁለት እጃቸው ይቀባበላሉ፤ ይህንን ሲያደርጉ እንደ ትልልቅ ሴቶች ጎንበስ ይላሉ።

የኢድ ዕለት ጠዋት አባትየው ወንዶች ልጆቻቸውን አዲስ ልብስ አልብሰው፣ መስገጃ አስይዘው ወደ አዲስ አበባ ስታዲየም ይወጣሉ። ታናሹ መስገጃውን እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አድርጎ ይሄዳል። ሲመለሱ የሕንጻው ልጅ ሁሉ ከረሜላ ይጠብቃል፤ የሚያድለውም እሱ ነው።

መስቀል ላይ የደረስን ጊዜ ክርክር ተነሣ። ትልቁ ደመራ መስቀል አደባባይ ነው፤ የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ጊዜ ሊያየው ይገባል። ግን ከሦስትና ከስድስት ዓመት ልጆች ጋር ያን ያህል ሕዝብ ውስጥ መግባት ከባድ ነው፤ ልጁ ትከሻ ላይ ካልተሸከሙት የሚያየው የሰው ጀርባ ነው። ስለዚህ መስከረም 16 ማታ ግቢያችን ውስጥ እንለኩሳለን። ክርክሩ ቦታው ላይ ነበር። አንዳንዶች ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ አሉ፤ ባለ መኪኖቹ አልተስማሙም። የሕንጻው ኮሚቴ ተሰብስቦ ደመራው ኮሚናል በሚባለው የጋራ ቤትና በአጥሩ መካከል ባለው ክፍት ቦታ እንዲቆም፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ካለበት እንዲርቅ፣ ችቦ የሚገዛበት ብር ከየቤቱ እንዲዋጣ ወሰነ።

ከዚያ የልጆቹ ድርሻ ተነሣ። ጥበቃው አባባ «እነሱን አርቁልኝ እንጂ ሌላው ቀላል ነው» አሉ። የልጆቹ እናቶች አልተቀበልንም። በመጨረሻ የተወሰነው ይህ ነው፤ ከአራት ቀን በፊት ጀምሮ ልጆቹ ደረቅ ጭራሮ ከግቢው ይለቅማሉ፣ አደይ አበባውን ደመራው ጫፍ ላይ ለሚያስረው ሰው የሚያቀብሉት እነሱ ናቸው፣ ቄጤማውንም የሚጎዘጉዙት እነሱ ናቸው፤ እሳቱ ሲለኮስ ደግሞ በኖራ ከሚሰመረው መስመር ኋላ ይቆማሉ። ኖራውን የማስመሩ ሥራ ለማን ይሰጥ የሚለው ላይ ልጆቹ እስካሁን አልተስማሙም፤ ሥራውን የፈለጉት ሁለት ልጆች ሰኞ ማታ ሊታረቁ ቀጠሮ ይዘዋል።